ባዶ ወንበር ይቆጥሩ የነበሩት የእትዬ ሙቀት የሕይወት ታሪክ

ተማሪዎቻቸው እትዬ ሙቀት ይሏቸው የነበሩት እህታችን፣ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸውና ሰዓት ጠጋኝ ከነበሩት አባታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከአባታቸው ሱቅ በላይ ባለችው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። አባታቸው የሕፃኗን ለቅሶ ከላይ ሲሰሙ ደንግጠው የሰው ሰዓት ከእጃቸው አምልጦ ተሰበረ። ባለሰዓቱም ሊቆጣ መጥቶ መርቆ እንደሄደ እናታቸው እየሳቁ ያወሩ ነበር።

ከፍ ሲሉ ከትምህርት ቤት መልስ እናታቸው ዘንድ ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል እየሄዱ፣ በእንፋሎቱ መሃል ተቀምጠው የቤት ሥራቸውን ይሠሩ ነበር። እናታቸው ከልጆች ክፍል የሚወርደው አንሶላ ሲበዛ ‹‹ዘንድሮ ሳሉ ጠንክሯል›› ይሉ ነበር፤ ከሐኪሞቹ ግን አንድም ሰው ነግሯቸው አያውቅም። እህታችን በሂሳብ ከክፍላቸው አንደኛ ሲሆኑ፣ በመዝሙር ግን መምህሩ ራሳቸው ‹‹አንቺ ልጄ፣ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ›› ብለዋቸዋል። በ1964 ዓ.ም. ነርሲንግ ትምህርት ቤት ገብተው በ1967 ዓ.ም. በጥሩ ውጤት ተመረቁ፤ በሆስፒታል የሕፃናት ክፍልም አሥራ አንድ ዓመት አገለገሉ።

በ1970 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሾፌር ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። በ1978 ዓ.ም. ወደ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በነርስነት ሲዛወሩ ባለቤታቸው ‹‹እኔ ልጆቹን አደርሳለሁ፣ እሷ አተኩሷቸዋል ብላ ትመልስብኛለች፤ እንዲህ ሆነን መቼ እንገናኛለን?›› እያሉ ይቀልዱ ነበር። ደግ ሰው ነበሩ። በ2003 ዓ.ም. ቀድመዋቸው አርፈዋል።

የሥራ ክፍላቸው ከደረጃው ሥር ያለች፣ ሁለት አልጋ፣ አንድ ቁም ሣጥንና ተዘግቶ የማይዘጋ አንድ ቧንቧ ያላት ጠባብ ክፍል ነበረች። ፈተና ሲደርስ ቴርሞሜትሩን ትኩስ ሻይ ላይ ነክሮ የሚያመጣ ብልጥ አይጠፋም። እሳቸውም ቁጥሩን አይተው ‹‹አርባ ሁለት? ታዲያ ቆይ፣ ቀሚሴን አምጥቼ ልተኩስብህ›› ይሉትና ወደ ክፍሉ ይመልሱታል። የእውነት የታመመውን ግን ‹‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም›› እያሉ አባብለው ያስተኙታል። በየዓመቱ ቅዝቃዜው ሲገባ ጤና ቢሮው የኢንፍሉዌንዛን አካሄድ የሚከታተለው ከተመረጡ ትምህርት ቤቶች በሚላክ ቁጥር ነበር፤ የእሳቸውም ትምህርት ቤት አንዱ ነበር። ትኩሳትና ሳል ይዟቸው ወደ ክፍላቸው የመጡትን ልጆች ቆጥረው በየሳምንቱ ዓርብ ቅጹን ይሞላሉ፤ ከጥቂቶቹም አፍንጫ በጥጥ ናሙና ይወስዳሉ። ያቺን ጥጥ ሲያይ እግሬ አውጪኝ የማይል ልጅ አልነበረም።

እዚህ ላይ የቤተሰቡ ክርክር የነበረበትን ነገር እናነባለን። እንዲነበብ ያዘዙት እሳቸው ናቸው።

በ1989 ዓ.ም. በቅዝቃዜው ወራት፣ በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ ዘጠኝ ልጆች ታመው ወደ ክፍላቸው መጡ። በሁለተኛው ሳምንት አርባ አራት ሆኑ። በሦስተኛው አሥራ ስድስት ብቻ መጡ። እህታችን ደስ ብሏቸው ‹‹በሽታው እየበረደ ነው›› ብለው ጻፉ። ርዕሰ መምህሩም በአዳራሹ የሚደረገውን የተማሪዎች የሽልማት ቀን እናስተላልፈው ወይስ ይቀጥል ብለው ሲጠይቋቸው ‹‹ይቀጥል፣ ችግር የለም›› አሉ። ሰኞ ዕለት ስምንት መቶ ልጆች መስኮቱ ለብርዱ በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ ተፋፍገው ሁለት ሰዓት ተቀመጡ።

አንዲት አስም ያለባት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ በየጠዋቱ ቁም ሣጥኑ ውስጥ የሚቀመጥላትን መድኃኒት ልትስብ ትመጣ ነበር። ረቡዕ ቀረች። እህታችን ምን ሆና ነው ብለው ወደ ክፍሏ ሄዱ፤ በሩን ከፍተው ሲያዩ ከአርባው ወንበር አሥራ ሦስቱ ባዶ ነው። የሚቀጥለውን ክፍል ከፈቱ፣ ያው ነው። ሃያ ሁለቱንም ክፍል ዞሩ፤ መቶ ሰባ አንድ ባዶ ወንበር ቆጠሩ። ቁጥሩ የወረደው በሽታው ቀንሶ ሳይሆን ልጆቹ ከአልጋ መነሣት አቅቷቸው ነበር። እሳቸው የቆጠሩት በእግሩ መጥቶ በራቸውን ያንኳኳውን ብቻ ነው። ቤት የቀረውን መምህራኑ መዝግበው መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል፤ ጠይቆ ያየ ሰው የለም። ልጅቷ በዚያን ሰዓት ሆስፒታል ገብታለች። እሑድ ዐረፈች።

ማንም አልወቀሳቸውም። ጤና ቢሮው ‹‹ሪፖርቱ በቅጹ መሠረት ትክክል ነው›› አለ። ርዕሰ መምህሩ ‹‹ቀኗ ነው›› አሉ። እሳቸው ግን ብቻቸውን ወደ ልጅቷ እናት፣ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄደው ‹‹እህቴ፣ አዳራሹ ይከፈት ያልኩት እኔ ነኝ። የቆጠርኩት የመጡትን ነው፣ የቀሩትን አላየሁም›› አሏቸው። እናትየዋ ‹‹ውጪልኝ!›› ብለው በሩን ዘጉባቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱ ሴቶች በአንድ መንገድ ሲመጡ አንዳቸው ይሻገሩ ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመት።

ከማግስቱ ጀምረው እህታችን በየጠዋቱ ሃያ ሁለቱን ክፍል እየዞሩ ባዶ ወንበር ይቆጥሩ ጀመር። መምህራኑ መጀመሪያ ላይ ‹‹ምነው፣ ወንበሩን ልትሸጪው ነው?›› እያሉ ያሾፉ ነበር። ቅጹ ላይ ለቀሪ ልጅ ቦታ ስለሌለው ዳር ላይ በእጃቸው ይጽፉታል። ከቢሮው እየተደወለ ‹‹እትዬ፣ እባክዎ ከቅጹ ውጭ አይጻፉ›› ይባላሉ፤ እሺ ይላሉ፤ ዓርብ ያው ይጽፋሉ። ይህ አራት ዓመት ሄደ። በአምስተኛው ዓመት የመጣው ቅጽ የቀሩ ልጆች የሚሞሉበት አዲስ ረድፍ ታትሞበት ነበር። ማን እንዳስጨመረው የጻፈ የለም፤ እሳቸውም አልጠየቁም።

በ1997 ዓ.ም. በአንድ ማክሰኞ የሕክምና ክፍላቸው ጭር ብሎ ሳለ ባዶ ወንበሮቹ በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆኑ። አዲሱን ርዕሰ መምህር ቢሯቸው ድረስ ሄደው ‹‹የነገው የአዳራሹ ስብሰባ ካልቀረ እኔ በሩ ላይ እተኛለሁ›› አሏቸው። ሰውየው መጀመሪያ ሳቁ፤ ኋላ ፊታቸውን አይተው ስብሰባውን ሰረዙ። ስንት ልጅ ተረፈ ተብለው ሲጠየቁ ‹‹አይታወቅም። ያልታመመ ልጅ በራፌን አያንኳኳም›› ይሉ ነበር። በ2006 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናበቱ።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የልብ ድካም ይዟቸው ሲመላለሱ ቆይተው፣ በ2015 ዓ.ም. ጥር ውስጥ ሆስፒታል ተኙ። ይህን የሚጽፈውን ታናሽ ወንድማቸውን ጠርተው ‹‹የሕይወት ታሪኬን የምትጽፈው አንተ ነህ፣ አውቃለሁ። የዚያችን ልጅ ነገር ጻፈው። ካልጻፍከው የምትቀብሩት እኔን ሳይሆን ሌላ ሴትዮ ነው›› አሉት። ልጃቸው አልቅሳ ‹‹አጎቴ፣ ሙት ወቃሽ ልትሆን ነው?›› ስትል፣ እሳቸው ከአልጋቸው ቀና ብለው ‹‹ወቃሹም እኔ፣ ተወቃሹም እኔ። ገናም አልሞትኩ›› አሏት። ከዚያ ወደ ወንድማቸው ዞረው አንድ ነገር አስጠነቀቁት፦ ‹‹መጀመሪያ ግን ለእናትየዋ አስነብባት። ልጇ ናት። አይነበብ ካለች ይቅር። የምትለውንም መጥተህ ንገረኝ።››

ታናሽ ወንድማቸው ጽፎ የጨረሰው በሁለት ቀን ነው። ለመሄድ ግን ዛሬ ነገ ሲል ሰነበተ። አንድ ቀን ዝናብ ነው አለ፤ አንድ ቀን የልብስ ሰፊዋ ሱቅ ደንበኛ ይበዛበታል አለ። እውነቱ ግን ያችን ሴት ዓይኗን ማየት ፈራ። እህታችን በመጣ ቁጥር ‹‹ሄድክ?›› ይሉታል፤ ‹‹ነገ እትዬ›› ይላል። አሥራ አንድ ቀን እንዲህ አለፈ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ሲመጣ እህታችን መናገር ተስኗቸው ነበር።

በዚያው እግሩ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ሄደ። እናትየዋ ስፌታቸውን አቁመው፣ መነጽራቸውን አጥልቀው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ‹‹ዘጠኝ ዓመቷ ብለሃል። ስምንት ዓመት ከአሥር ወር ነበረች። አስተካክለው›› አሉ። ከዚያ መቀሱን ከፊታቸው ገፋ አድርገው እንዲህ አሉ፦ ‹‹ያን ቀን ሁሉም ሰው ቀኗ ነው አለኝ። እውነቱን የነገረችኝ እህትህ ብቻ ናት። የምቆጣበት ሌላ ሰው ስላልነበረኝ እሷን አባረርኩ። በማግስቱ ተመልሳ ብትመጣ በሩን እከፍትላት ነበር። እኔም ልሂድ ልሂድ እያልኩ አረጀሁ።›› ወንድምየው አሥራ አንድ ቀን መዘግየቱን ነግሯቸው፣ ይህን ልንገራት ብሎ ሲነሣ፣ ‹‹አንተማ ስትነግራት እናየዋለን! ይልቅ መንገዱን ምራኝ›› ብለው ሱቁን ዘጉ።

እናትየዋ በእህታችን አልጋ አጠገብ እስኪመሽ ተቀመጡ። እጃቸውን ይዘው ያሏቸውን ብለዋቸዋል፤ ቤተሰቡ ውጭ ስለነበር አልሰማም። ነርሷ መስማት መጨረሻ ላይ ነው የሚጠፋው ብላናለች። ሰምተውት ይሆናል ብለን እንጽናናለን፤ እርግጠኛ ግን አይደለንም። ሲወጡ የእህታችንን ልጅ አቅፈው ‹‹ይነበብ፤ ቆሜ እሰማዋለሁ›› አሏት። እሷም ከዚያ በኋላ አልተከራከረችም።

እህታችን በማግስቱ የካቲት 14 ቀን 2015 ዓ.ም. በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከኋላቸው አንዲት ሴት ልጅ፣ አንድ ወንድ ልጅ፣ አራት የልጅ ልጆች፣ ዛሬ ከእኛ ጋር ቆመው የሚሰሙት ልብስ ሰፊ እህታቸው፣ እንዲሁም አሥራ አንድ ቀን የዘገየ አንድ ወንድም ቀርተዋል።

ፈጣሪ ለእህታችን ነፍስ ዕረፍት ይስጥልን። ያችን ስምንት ዓመት ከአሥር ወር የሆናትን ልጅም ከአጠገባቸው ያድርግልን።