በሰደቃዬ የተገዛ ድምፅ

ውድ ልጄ ረውዳ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። በሕይወት አለሁ። ይህን የሚጽፍልሽ የእናትሽ የዙበይዳ እጅ ነው። በስልክ ብነግርሽ አላመንሽኝም፤ አልፈርድብሽም። እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።

ደብዳቤውን የምታመጣልሽ ጓደኛሽ ሱሀይላ ናት። ባለፈው ጁምዓ ኮምቦልቻ ቤታችን ድረስ መጥታ ነበር። አደራ ብለሽ ስለላክሻት ለቅሶዬን ልትደርስ ነው የመጣችው። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። እንቅርቱ ከወጣልኝ ወዲህ ከአክስትሽ ከኩኩ ጋር መልካችን አንድ ሆኗል፤ ልጅቷም እሷን መሰልኳት። በአንድ እጇ ስኳር ይዛ በሌላው ዓይኗን እየጠረገች፣

"አላህ ጀነት ያግባት። ሰብሩን ይስጣችሁ" አለችኝ።

"ማንን?" አልኳት። ትንፋሽ ብቻ ነው የሚወጣኝ፤ የለቅሶ መሰላት።

"እትዬ ዙበይዳን ነዋ። ረውዳ ናት የላከችኝ።"

"ዙበይዳ እኔ ነኝ።"

ስኳሩ ከእጇ ወደቀ። "ቢስሚላህ! ቢስሚላህ!" እያለች ወደ ኋላዋ ሄደች። ኩኩ ከጓዳ ወጥታ "ምን ያስጮህሻል? ሬሳ አየሽ እንዴ?" አለቻት። ሁለታችንን ጎን ለጎን ካየችን በኋላ ነው ልጅቷ የተቀመጠችው። ብዙ ነገር ነገረችን። እሱን እደርስበታለሁ፤ አስቀድሜ ግን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

እንቅርቱን እንዳስወጣ የወተወትሽኝ አንቺ ነሽ። ገንዘቡን ከዓረብ አገር የላክሽልኝም አንቺ ነሽ። ለዚህ ነው "እናቴን እኔ ነኝ የገደልኳት" የምትዪው፤ ሱሀይላ አልደበቀችኝም። ስሚኝ። ከቀዶ ጥገናው በፊት ጋደም ስል ያንቀኝ ስለነበር ግድግዳ ተደግፌ ነበር የማድረው። አንቺ እንዳትሰጊ አልነገርኩሽም እንጂ ከርሞ ነበር። አሁን ተጋድሜ እተኛለሁ። ይህን ያደረግሽልኝ አንቺ ነሽ።

የሄደው ድምፄ ነው። ወደ ድምፅ አውታር የሚሄደው ነርቭ ከእንቅርቱ ጋር ተጣብቆ ነበር አሉ፤ እሱ ሲነሳ ነርቩ ተጎዳ። ከማደንዘዣው ስነቃ ነርሷን ውሃ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ፤ ነፋስ ወጣ። ውሃውን ስትሰጠኝ ደግሞ ወደ ሳንባዬ ሊገባ ሆነ። እስከ ዛሬ ውሃ የምጠጣው አገጬን ደረቴ ላይ ደፍቼ ነው።

ፋብሪካ ስመለስ ማንም አላወቀብኝም። የክር ማሽኖቹ ሲሠሩ ቢጮኹም የሚሰማ የለም፤ ሁላችንም የምንግባባው በእጅና በከንፈር ነው። የሥራ ባልደረባዬ የምስራች አጠገቤ ቆማ ስንት ቀን ስታወራኝ ከረመች። ምሳ ላይ ፀጥ ያለ ቦታ ስንቀመጥ ነው "ምነው የምታንሾካሽኪው? ማንን ልናማ ነው?" ያለችኝ።

ከአንቺ ጋር ግን በከንፈር መነጋገር አይቻልም። ማዳምሽ ካሜራ ያለው ስልክ አትፈቅድም። ያለሽ ያቺ ትንሿ ስልክ ናት፤ በእሷ የሚያልፈው ድምፅ ብቻ ነው።

የደወልሽ ዕለት "እማን አቅርቡልኝ" አልሽ።

"እኔ ነኝ፣ ረውዳዬ።"

"ማነሽ?"

"እናትሽ።"

ኩኩ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝና "ወላሂ እሷ ናት! ድምጿ ትንሽ ተዘግቶባት ነው!" አለችሽ።

ያቺ "ወላሂ" ናት ያጠፋችን። አባትሽ የሞተ ጊዜ አንቺ ደሴ ፈተና ላይ ነበርሽ። ስትደውዪ ኩኩ "ወላሂ ደህና ነው፣ እንቅልፍ ወስዶት ነው" አለችሽ። ያኔ ቀብረነው ተመልሰናል። ፈተናሽን እስክትጨርሺ ሰፈሩ ሁሉ አፉን ዘጋ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ በማለዳ መጥተው አረዱሽ። አገራችን እንዲህ ነው፤ ለክፋት አይደለም። ግን አንዴ እንዲያ የተደረገበት ሰው "ደህና ናት" ሲሉት ምን ይሰማል? አንቺ የሰማሽው መርዶ ነው።

ትንሽ ቆይቶ የሰደቃዬ ገንዘብ መጣ። የተላከው በኩኩ ስም ነው። ከባንክ ስትመለስ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

"ምን ብላ ላከች መሰለሽ?" አለችኝ። "ለእማ ሰደቃ አውጡላት፤ በሬ ይታረድ፤ ቁርአን የሚቀሩት ደረሶች ይብሉ።"

"በሬ? ለኔ?"

"እኔ ብሆን ከፍየል አላሳልፍሽም ነበር።"

ሳቅን። ከዚያ እሷ አለቀሰች። የእኔ ሳቅ ድምፅ ስለሌለው ያለቀስኩ መስሏት ይሆናል።

በመርፌ ድምፅ የሚመልስ ሐኪም እንዳለ ቀደም ብሎ ተነግሮን ነበር። አቅሙ ስላልነበረን ትተነው ነበር። አሁን ገንዘቡ እጃችን ላይ ነው፤ ኩኩ ግን "የሙት ገንዘብ አልነካም" ብላ ቀሚሷ ውስጥ ቋጠረችው። "ሙቷ እኔ አይደለሁም እንዴ?" ብላት "ለዚያም ነው የማይሰጥሽ" አለችኝ። በመጨረሻ ገራዶ ድረስ ሄደን ሼህ ሙዓዊያን ጠየቅናቸው።

"ሰደቃው የማን ነው?" አሉ።

"የሷ" አለች ኩኩ፣ ወደ እኔ እያመለከተች።

"ሟቿ ይህች ናት?"

"አዎ፣ ሼህ።"

ወደ እኔ ዞሩ። "የልጅቷ ኒያ፣ ሐሳቧ፣ ለእናቷ ነው። እናቷ ደግሞ እዚህ ተቀምጣለች። ለእናቷ ይዋል" አሉ። ልንነሳ ስንል ጠሩን። "ለደረሶቹ ግን ዳቦ አምጡ። ስማቸው ተጠርቷል።"

ዳቦውን ወሰድን። የተረፈውን ገንዘብ ይዘን ደሴ ወጣን።

ዶክተር ጸጋው ከአዲስ አበባ እየመጣ የሚያክም ወጣት ሰው ነው። "እናቴ፣ የድምፅ አውታር ሁለት መዝጊያ እንዳለው በር ነው" አለኝ። "የእርስዎ አንዱ ሽባ ሆኖ ክፍት ቀርቷል። ደህናው ብቻውን መጥቶ ስለማይደርስበት ነፋሱ ያመልጣል። እኛ ሽባውን በመርፌ ጄል እንሞላውና ወደ መሃል እንገፋዋለን። ያኔ ይገናኛሉ።"

"ይድናል ማለት ነው?" አለች ኩኩ።

"ነርቩን አያድነውም። ጄሉንም ሰውነታቸው ቀስ በቀስ ይመጠዋል። የሚቆየው ወራት ነው። ነርቩ በዚያ መሃል ራሱ ከነቃ ጥሩ፤ ካልነቃ ይደገማል።"

"ወራት ይበቃኛል" አልኩት። "የምደውለው አንድ ስልክ ነው።"

አላስተኛኝም። ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አንገቴን አደነዘዘው፤ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዬ አስገባ፤ መርፌውን ከፊት በአንገቴ በኩል ሰደደው። ሳል መጣብኝ። እንዳልውጥ፣ እንዳልንቀሳቀስ ይነግረኛል። ዓይኔ እንባ ብቻ ሆነ። ከዚያ "ኢ ይበሉ" አለኝ። አልኩ። ክፍሉ ውስጥ የሰው ድምፅ ተሰማ።

"አሁን ስምዎን ይናገሩ።"

"ረውዳ።"

"የእርስዎን እኮ ነው ያልኩት።"

ኩኩ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "ማነው በኔ ድምፅ የሚያወራው?" አለች።

እንደ ቀልድ ነው ያለችው፤ እውነት ነበር። አንቺ የምታውቂው የእኔ ድምፅ ወፍራም ነው፤ ከማሽን ጋር ሲታገል የኖረ። ይኼኛው ቀጠን ያለና ጫፉ ላይ የሚሻክር ነው። ቁርጥ የኩኩን። መርፌው ሁለቱን መዝጊያዎች ያገናኛል እንጂ የየትኛው ቤት በር እንደሆነ አያውቅም።

እዚያው ደሴ፣ ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ሆኜ ደወልኩልሽ።

"ረውዳ፣ ልጄ፣ እኔ ነኝ። ድምፄ ተመለሰ።"

የማዳምሽ ልጆች ሲንጫጩ ይሰማኛል። ከዚያ፣

"አክስቴ ኩኩ፣ አላህን ፍሪ" አልሽኝ። "የሞተ ሰው መስለሽ ማውራት ይቅርብሽ።"

ዘጋሽው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቁጥርሽ ለእኛ አይጠራም።

ድምፁ አለ፤ ምን ላድርግበት? ገበያ ላይ ዋጋ ተከራከርኩበት። የዒድ ዕለት የጎረቤት ልጆችን ጠራሁበት። ከአጥር ውጭ የሚሰሙኝ "ኩኩ፣ ደህና ነሽ?" ይሉኛል፤ "ደህና" እላለሁ። ስልኩን እየሞከርኩ ከረምኩ። ከዚያ ድምፄን መጀመሪያ ማምሻውን ይደክመው ጀመር፤ ቀጥሎ ከሰዓት በኋላውን። አንድ ቀን ከደሴ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ "ወራጅ አለ" አልኩ። ረዳቱ አልሰማኝም። ደግሜ አልኩ። ሰፈራችንን አልፎ ሄደ። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ጮኾልኝ ወረድኩና በእግሬ ተመለስኩ። ያን ጊዜ ነው እንዳለቀ ያወቅሁት።

አሁን ወደ ሱሀይላ ልመለስ። እዚያው ቤታችን ሆና ደወለችልሽ፤ ታስታውሻለሽ። "ወላሂ በዓይኔ አየኋት፣ አጠገቤ ናት" አለችሽ። "አንቺም ወሎዬ ነሽ፤ ደህና ናት ከማለት ሌላ ምን ታውቂያለሽ?" ብለሽ ዘጋሽባት። ተናደደች። አንገቴን ቀና አድርጋ ጠባሳዬን በስልኳ ፎቶ አነሳችው። "ኩኩ ጠባሳ የላትም። ፊቷ ቆሜ ይህን ሳሳያት የምትለውን እሰማለሁ" አለች። እኔም ታምኚያለሽ ብዬ አስባለሁ። አሁን የሚያስጨንቀኝ እሱ አይደለም።

ሱሀይላ ልትሄድ ስትነሳ ነው የነገረችኝ። ውልሽ በዚህ ወር ያልቅ ነበር። ልትመጪ ሻንጣ ገዝተሽ ነበር። ከዚያ "ለማን ብዬ ልመለስ?" ብለሽ ለሁለት ዓመት አደስሽው።

ውሃ እየጠጣሁ ነበር፤ ትን አለኝ። ኩኩ ጀርባዬን እየመታች "አገጭሽን ደፋ በይ አላልኩሽም?" ትለኛለች። አገጬን ደፍቼ ነበር።

ረውዳ፣ ይህን ስታነቢ ነይ ነይ ይልሻል። እንዳትጠፊ። ከማዳም ቤት የጠፉ ልጆች የት እንደሚወድቁ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። የፈረምሽውን ጨርሺ። ለመርፌ ብለሽም አትላኪ። ዶክተር ጸጋው ይደገም ብሎ ቀጥሮኝ ነበር፤ ካሜራውን አስገብቶ ሲያየው ነርቩ አልነቃም። ቀጠሮውን ተውኩት። አሁን ብወጋው ለማን አወራበታለሁ?

ስልክሽን ክፈቺልኝ። ስትደውዪ የምትሰሚው ትንፋሽ ነው፤ አትዝጊው። ያልሰማሽውን ድገሚ በይኝ፣ እደግመዋለሁ። ሲደክመኝ አንቺ አውሪ፤ ጆሮዬ ደህና ነው።

ትኬት የምትቆርጪበትን ወር ደግሞ አስቀድመሽ ንገሪኝ። መርፌውን ያን ጊዜ እወጋለሁ። የሚቆየው ወራት ነው። አንቺም እዚህ ከዚያ በላይ ሳትቆዪ እንደምትመለሺ አውቃለሁ። ይበቃናል።

እናትሽ ዙበይዳ
ኮምቦልቻ