ያልሰረዝኩት ወረፋ

ሐሙስ፣ ኅዳር 8

የእኔ ሆድ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። በሥራ ቀን ከቤት ሆኜ ስጽፍልሽ ግራ አይግባሽ፤ ታግጃለሁ። አክስትሽ ደውላ «እናትሽ ይቅርታ ጠይቃ ትመለስ፣ ለምኝልን» እንዳለችሽ ሰምቻለሁ። እንግዲህ ነገሩን ከራሴ ስሚው።

ሥራዬን ታውቂያለሽ። ሆስፒታላችን ውስጥ ከየክፍሉ የሚላከው የመድኃኒት ጥያቄ በእኔ ኮምፒውተር አልፎ ነው መድኃኒት ቤት የሚደርሰው። ወጣቶቹ ባልደረቦቼ ማውስ ይነካካሉ፤ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ያቺን ጥቁር መስኮት ከፍቼ ትዕዛዜን በፊደል እጽፋለሁ። «እማማ ጥቁር መስኮት» ይሉኛል። ይበሉኝ።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ጥያቄዎቹ ድርቅ ብለው ቆሙ። ዝርዝሩን ሳወጣ ሁለት መቶ አሥራ አራት ተሰልፈዋል። ሥራ አስኪያጁ እያለከለከ መጣ። ሆስፒታሉን የሚጎበኙ እንግዶች ሊገቡ ነው፣ ወረፋው ሲቆም የሚቀላው ኮሪደሩ ላይ ያለው ትልቁ ስክሪን ደግሞ ቀልቷል።

«ሁሉንም በአንድ ትዕዛዝ ይሰርዟቸው፤ ስክሪኑ ይጽዳ» አለኝ።

ብሰርዛቸው እውነትም ይጸዳል። ነርሶቹ ግን ልከናል ብለው ይጠብቃሉ፤ መድኃኒት ቤቱም ምንም አልደረሰኝም ብሎ ይቀመጣል። ይህንኑ አስረዳሁት። ትዕዛዝ ነው አለ።

«እንግዲያው በራስዎ እጅ ይጻፉት» አልኩና ወንበሬን ለቀቅኩለት።

ምን እንደሚጻፍ አያውቅም። ቆሞ ሲያፈጥብኝ ተመልሼ ተቀመጥኩ። አዲስ ጥያቄ እንዳይገባ ዘጋሁ፤ ከዚያ የትኛው የትኛውን እንደሚጠብቅ አንድ በአንድ አየሁ። ለካ ከመጋዘን የተላከ አንድ ጥያቄ ግማሽ ላይ ቀርቶ የሁሉንም መንገድ ይዞ ኖሯል። እሱን ብቻ ሰረዝኩ፤ መጋዘኑም እንደገና እንዲልከው ደውዬ ነገርኩ። የቀሩት እንደ ውሃ ፈሰሱ። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። እንግዶቹ በሠላሳኛው ደርሰው ቀዩን ስክሪን አይተዋል።

ከሰዓት የእገዳ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ አብሮት የይቅርታ ወረቀት፣ ፊርማዬ ብቻ የጎደለው። በማግስቱ የሕፃናት ክፍል ነርስ ደወለችልኝ። ከተሰለፉት ጥያቄዎች አምስቱ ለእሷ ሕፃናት ነበሩ፤ ጉዳዬን የሚያየው ኮሚቴ ፊት ትመሰክርልኛለች። የጻፍኩት ትዕዛዝም ከነሰዓቱ ተመዝግቧል። ወረቀቱን ሳልፈርም መለስኩት።

ልጄ፣ አሥራ ስድስት ዓመትሽ ሳለ፣ ርዕሰ መምህሩ ፊት ያላጠፋሽውን አጠፋሁ ብለሽ እንድትፈርሚ እስክሪብቶውን እጅሽ ላይ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ነገር እንዳይበዛ ብዬ። ፈርመሽ ስትወጪ ያየሽኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ይኸው ስንት ዓመት በስልክ ስለ አየሩ ብቻ እናወራለን። እና አንቺም ፈርሚ እንዳትይኝ። ይቅርታ የምለው ሰው አለኝ፤ ሥራ አስኪያጁ ግን አይደለም።

ሰኞ ኮሚቴው ፊት እቀርባለሁ። ሲያልቅ ደውይልኝ፤ ስለ አየሩ ግን አናውራ።

ጤናሽ ይብዛልኝ፣ ቃልሽ ይሰማልኝ፣ አንገትሽን የሚያስደፋሽ አይምጣብሽ።

እናትሽ