ከሽማግሌው የተነቀለው ኦክስጅን

ልጄ ሆይ፤ ባለህበት ጤና አይንሳህ፤ የጀመርከውን ያስፈጽምህ። እኛ አለን፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ መውጣት እምቢ ብሏል። ጣራውን ራሴ አስጠግኛለሁ።

ነርሷ እህትህ ግን አኩርፋኛለች። ባለፈው ሳምንት ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የቀረው የኦክስጅን ሲሊንደር አንድ ብቻ ነበር። ሐኪሙ ከአንድ ሽማግሌ ነቅላ ለአንዲት ወጣት እንድትሰጥ አዘዛት። ነቀለች። የሽማግሌው ሚስት ባሏ የተሻለው መስሏት «እጅሽ ይባረክ» አለቻት። ሰውየው ከሰዓት በኋላ ሞተ።

እኔም «ታዘሽ ነው፤ ጠንከር በይ» አልኳት።

«ያዘዘው እሱ ነው አባዬ፤ የተባረከው ግን የኔ እጅ ነው» ብላ በሯን ዘጋችብኝ።

ይቅርታ መጠየቅ በዚህ ዕድሜዬ አልለምድም። አንተ ደውልላት። ምክር እንዳትጨምርባት፤ የኔው ተርፏል። ዝም ብለህ ስማት። ለእኔ የነፈገኝን የሚሰማ ጆሮ ለአንተ ይስጥህ።

አባትህ