ቀድሜ የሰማሁት እኔ ነበርኩ

ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ ለኤዶም፤

እንደምን ከርመሻል? የጌታ ሰላም ከነቤተሰብሽ ይብዛልሽ። ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? ወንድማችን እሸቴስ፣ ያ ሳል ለቀቀው? እማዬስ ጉልበቷ ተሽሏታል ወይስ አሁንም ሰው ደግፏት ነው ጸሎት ቤት የምትሄደው? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ማለቴ ባሌ ካሣዬ ደህና ነው፣ ፒካፗም ድናለች። እኔ ግን በቅናት ልሞት ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ባሌ ሁልጊዜ አጠገቤ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ቲቶ ወደ ሆሳዕና ስለሚመጣ ይህን ደብዳቤ በሱ እጅ ልኬልሻለሁ።

እንደምታውቂው ከሱሉልታ ድንች እያመጣን ቡራዩ ገበያ የምሸጠው እኔ ነኝ፣ የሚነዳው እሱ። ታዲያ ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ መኪናዋ ከቆመችበት ስትነሳ ከሥራችን ጓ! ትላለች። ፈጠን ስትል ደግሞ ወንበሬ ይንቀጠቀጣል። ይሄ ነገር ደህና አይደለም ስለው፣ መንገዱ ነው አለኝ። ደግሜ ብነግረው ጭነቱ ነው አለኝ። ባዶዋንም ጓ ትላለች እኮ ስለው፣ አንቺ ደግሞ የማይሰማሽ ነገር የለም ብሎ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገብኝ።

ባለፈው ሳምንት ዘይት ልናስቀይር ኦቦ ዲሪርሳ ጋራዥ ገባን። እዚያ ጣቢታ የምትባል አዲስ መካኒክ አለች፣ ከዱራሜ የመጣች ቀጭን ልጅ። ገና መኪናዋን ወደ ውስጥ ሲያስገባ ሰማችና፣ ስትነሳ ጓ ትላለች አይደል? አለችው። ባሌ እጁን በአፉ ጫነ! ወይ ጆሮ! ወይ ተሰጥኦ! እያለ ኦቦ ዲሪርሳን ጠርቶ አስመሰከረ። እኔ በሩ ላይ እንደተጣለ ጆንያ ቆሜያለሁ።

ልጅቷ ጎማውን በድንጋይ አስደግፋ ሥር ገባች። ከካምቢዮ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ረጅም ብረት ይዛ ወዲያና ወዲህ ስታዞረው፣ መገጣጠሚያው ላይ ያለችው ክሮቸራ የሚሏት መስቀል የመሰለች ብረት ላልታ ትንገጫገጫለች። ዙሪያዋን ቀይ የዝገት ዱቄት ወጥቶባታል። ካሣዬ ሲሚንቶ ላይ ተጋድሞ በስልኩ ያበራላታል። የቤታችንን አምፖል ቀይር ስለው ወገቤን የሚል ሰው፣ ኤዶም! ሲመለስ ቦታውን እንዳይስት ብላ ብረቱን ከመፍታቷ በፊት በነጭ ቀለም ምልክት አደረገችበት። ከዚያ ብረት ጨምድዶ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አስራ አሮጌዋን መታ መታ አድርጋ ስታወጣት፣ ክዳኖቿ ውስጥ ያሉት መርፌ የሚያካክሉ ብረቶች ማለስለሻ ግራሶው ደርቆባቸው ተፈጭተዋል። አንዷ ካለቀች ሌላዋም አትቆይም ብላ የፊቷንም የኋላዋንም ቀየረች። ሥራዋን አልክድም፣ ንጹሕ ነው። እኔን ያቃጠለኝ የሱ ልክ ነሽ ጣቢታ፣ እሺ ጣቢታ ማለት ነው። እኔ መቼ ነው ልክ ነሽ የተባልኩት?

ጨርሳ እጇን እየጠረገች፣ ብትቆዩ ኖሮ ብረቱ መንገድ ላይ ወልቆ ጉድ ይሠራችሁ ነበር፣ እስከዛሬ አልሰማችሁም? ብላ ጠየቀች። ካሣዬ ምን ቢላት ጥሩ ነው? እኔ እንኳ ጠርጥሬ ነበር! ዓይኔ እያየ! እንባዬ መጣ፣ ግን እሷ ፊት አላለቅስም ብዬ ዋጥኩት።

ለሙከራ እኔና ካሣዬ ብቻ እስከ ገፈርሳ ወጣ አልን። መኪናዋ ጸጥ ብላ ትሄዳለች። ካሣዬ ሬዲዮኑን ዘጋና ወደ እኔ ዞሮ፣ መሲ፣ አሁንስ ይሰማሻል? አለኝ። ከተጋባን ጀምሮ ስለ መኪናዋ ጠይቆኝ አያውቅም። ይህችን ጥያቄ ስንት ጊዜ ተመኝቻታለሁ! እኔ ታዲያ፣ ጣቢታን ጠይቃት! አልኩት። ሬዲዮኑን መልሶ ከፈተው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። እሸቴን ማር በትኩስ ውሃ አጠጪው፣ ናፍቀኸኛልም በይልኝ። ልጅሽን አዶናይን ጉንጩን ነክሰሽ ሳሚልኝ። ካሣዬም ሰላም ብሏችኋል ልበል እንጂ እሱ መጻፌንም አያውቅም። አንቺ ታላቄ ነሽ፣ እስቲ ምከሪኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናዋም ጓ አላለች፣ እሱም አልጠየቀኝ።

እህትሽ መሰረት
ቡራዩ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.