በጉብታችን ላይ የወጣው ውሃ

ሰኔ 4
ውሃ ወጣ! እዚሁ ጉብታችን ላይ፣ ከጓሮዬ! መቆፈሪያ መኪናው ሲያጓራ ሰንብቶ ዛሬ ጭቃ ተፋ፣ ከዚያ ጥርት ያለ ውሃ። ጎረቤቴ ያልጋነሽ ከነቀሚሷ ገብታ ተነከረችበት። "ዕድሜ ልኬን በጣሳ ስቆጥበው ኖሬ፣ ዛሬስ ላባክነው!" ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስሁ። እማዬ በእንስራ ዳገቱን ስትወጣ ጎብጣ ነው የሞተችው።

ሰኔ 5
የሕዝብ መቅጃው፣ ቦኖው፣ እስኪሠራ ብለው አፉን በብረት ከደኑት። ዛሬም ወንዝ ወረድሁ። ድፍርስ ጎርፍ። ስወጣ አባቶቻችንን ስረግም ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ከደጋ ሲመጡ "ሜዳው ዋልካ ነው፣ ክረምት እግር ይውጣል፤ ወንዙ ዳር ወባ አለ" ብለው ጉብታው ላይ ሰፈሩ። ልክ ናቸው። ግን ነፋሱ ለእነሱ፣ ዳገቱ ለእኛ። ማን ጠየቀን? ልጄ ገንዳ ውሃ ከተማ የገባችው ለሥራ ነው ይባላል። ውሸት! ጀሪካን ሸሽታ ነው።

ሰኔ 6
የባሌ ታላቅ ወንድም ጋሼ ሙላው የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ቦኖው ታች፣ መንገዱ ዳር ይሁን አሉ። "ውሃ ቁልቁል በራሱ ይወርዳል፤ መንደሩም ወደ መንገዱ እየወረደ ነው።" የማን መንደር? የልጆቻቸው ሱቅ ነው የወረደው! ከጓሮዬ የወጣውን ውሃ ታች ቀድቼ ዳገት ልሸከመው! ባሌ "ታላቄ ነው" ብሎ ወጥቶ ሄደ። ነገ ስብሰባ ነው።

ሰኔ 7
ለስብሰባ የሚጠጣ ውሃ የምናቀርበው ሴቶች ነን፣ ከድሮም። ዛሬ አላቀረብንም። ባዶ ጀሪካናችንን ታቅፈን ቁጭ! ወበቁ ያፍናል። ጋሼ ሙላው ተናግረው ተናግረው ጉሮሯቸው ደረቀ።
"ውሃ የለም እንዴ እናንተ?"
"አለ እንጂ ጋሼ፣ ታች ነው" አለች ያልጋነሽ። "ቁልቁል አይደል? ይውረዱ።"
ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ባሌ አፍሮ ጀሪካኔን ነጥቆኝ ወረደ። ስንጠብቅ ስንጠብቅ፣ ላብ አጥምቆት መጣ። ወንድሙ ፊት አስቀመጠና "ጋሼ፣ ቦኖው እዚሁ ይሁን" አለ።

ሰኔ 8
ተወሰነ፣ እዚሁ ነው! ለታቹ ቱቦ በኋላ ይዘረጋል። ቦታው እስኪወሰን የቆሙት ሠራተኞች ጠዋቱን መገንባት ጀመሩ። ጋሼ ሙላው አኩርፈዋል። ባሌ ትከሻውን እያሸ "እንዴት ችላችሁት ኖራችሁ?" ይለኛል። አሁን ነው የሚጠየቀው? እማዬ ካለፈች፣ ልጄ ከሄደች በኋላ? ለልጄ ደወልሁ። "ሲፈስ ካላየሁ አላምንም" አለች። ትምጣና ትይ። ጾም ስለሆነ ሥጋ የለም፣ የማሽላ ጠላ ግን ጠንስሻለሁ። የላዩም፣ የታቹም፣ ያኮረፈውም፣ ማንም እንዳይቀር፤ ቦኖው የሚከፈተው ሰኔ 12፣ የሚካኤል ዕለት ነው!