ሉሲ ዝም አላለችህም

አማኑ፣
መኪናው እየጠበቀኝ ነው። ኮንጋ ቡና ማጠቢያው ጋ እስከ ቅዳሜ እቆያለሁ። ቁልፉ እትዬ አሰገደች ጋ ነው። ድስቱ ውስጥ ሽሮ አለ፤ ጨው ግን አንሶታል።

ለሉሲ «በቃን» ብለህ ከመላክህ በፊት ይህን አድርግ።
ኢንስታግራም ላይ ገጿን ክፈት። «ፎሎዊንግ» የሚለውን ስትነካ «ሚዩት» የሚል ዝም ማሰኛ ይመጣል፤ እዚያ የበሩትን ሁሉ አጥፋ። ከዚያ የምትጻጻፉበትን ክፈትና ከላይ ስሟን ንካ፤ የመልእክቱንም ሚዩት አጥፋ።

ለመውጫ ፈተናው ስታጠና «እነዚህን ዝም አሰኝልኝ» ብለህ የስም ዝርዝር ሰጥተኸኝ ነበር።
ሉሲ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረችም፤ እኔ ነኝ የጨመርኳት።
ገና ሳይነጋ የድምፅ መልእክቷን ጮክ አድርገህ ስትከፍት ስንቴ «ወንድሜ፣ ኢርፎን ግዛ» አልኩህ?
ያም ሆኖ ጥፋቱ የኔ ነው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትጽፍልህ ነበር። አንተ ደግሞ ስልክህ ካልጮኸ አፑን አትከፍትም።
ትናንት ገበያ አግኝታኝ «ጓደኛህ ምን አድርጌው ነው የዘጋኝ?» አለችኝ። «ኔትወርክ ነው» አልኳት፤ አላመነችኝም።

ዛሬውኑ ደውልላት። ማን እንዳደረገው ስትጠይቅህ ስሜን ጥራ።

አብይ