ሰንበት እስኪወጣ የጠበቁት ተከላካይ፦ የአቶ ሰጠው ጌታዬ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሰጠው ጌታዬ ከአባታቸው ከአቶ ጌታዬ ወርቅአገኘሁና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሻሽወርቅ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በጥር ወር 1975 ዓ.ም. በጎንደር ክፍለ ሀገር፣ በደንቢያ፣ ከቆላ ድባ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ የቤተ እስራኤል መንደር ተወለዱ። አባታቸው ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ዓርብ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እሳታቸውን ያጠፋሉ፤ ከዚያ በኋላ የአገር ገዥ በደጃቸው ቢቆም እንኳ ወናፍ አይነኩም። ሰጠው ያደጉት በዚህ ቤት ነው፤ የኋላ ኑሯቸውንም ያለዚህ ቤት ማስረዳት አይቻልም።

ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በዚህ በእስራኤል አገር በሚሠራበት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ1991 የስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ ከወላጆቻቸውና ከታላቅ እኅታቸው ከወይዘሮ ንጋት ጋር ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነው እስራኤል ገቡ። ለሁለት ዓመት በጊዜያዊ መጠለያ ከቆዩ በኋላ ቤተሰቡ ቂርያት ጋት ሰፈረ፤ አባታቸውም በኢንዱስትሪ ቀጠናው በአንድ ብረታ ብረት ፋብሪካ ሥራ ያዙ። ሰጠው የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚሁ ከተማ አጠናቀዋል። በትምህርት አንደኛ ነበሩ ብለን ብንጽፍ አስተማሪዎቻቸው ይታዘቡናል። ልባቸው ከሕንጻው ጀርባ ካለው ሜዳ ነበር።

የከተማው የታዳጊዎች ቡድን አሠልጣኝ የነበሩት አርጀንቲናዊው ሊዮን ሰጠውን እዚያ ሜዳ ላይ አይተው ወሰዷቸው። ችግሩ የታዳጊዎቹ ጨዋታ ቅዳሜ ጠዋት መሆኑ ነበር። አሠልጣኙ ቤት ድረስ መጥተው «ይህ ልጅ የበረከት እግር አለው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ልቀቁልኝ» ሲሉ ለመኑ። አቶ ጌታዬም «ሰንበትን በአገራችን በስንት ችግር ጠብቀን አመጣናት። ኢየሩሳሌም ደርሰን በኳስ እንለውጣት?» አሉ። መሐል ሆነው ያስተረጉሙ የነበሩት ንጋት የሁለቱንም ወገን መራራ ቃል እያለሰለሱ ስለነገሯቸው፣ ሊዮን ነገሩ የተቃረበ መስሏቸው ደጋግመው ተመላለሱ። በመጨረሻ «እላይ ሊግ ያሉት እኮ የሚጫወቱት ቅዳሜ ማታ፣ ሻባት ከወጣ በኋላ ነው» ቢሏቸው አቶ ጌታዬ «እንግዲያው እዚያ ሲደርስ መጥቼ አየዋለሁ» ብለው ተነሡ። ይህን የተናገሩት ክርክሩን ለመዝጋት ነበር። ልጃቸው ግን እንደ ቃል ኪዳን ያዙት።

ሳይጫወቱ ተጫዋች መሆን ቀላል አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ ከማንም ቀድመው ልምምድ ይገኛሉ፤ ቅዳሜ ጓደኞቻቸው ሜዳ ሲገቡ እሳቸው ከአባታቸው ጎን ጸሎት ቤት ቆመዋል። እኅታቸው «ለድግሱ እንጨት ፈላጭ፣ ለመብሉ ቤት ጠባቂ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እኩዮቻቸው አንድ በአንድ በትላልቅ ቡድኖች እየተመረጡ ሄዱ፤ እሳቸውን ግን በጨዋታ ያያቸው ስለሌለ የጠየቃቸውም አልነበረም። ሦስት ዓመት በጻባ፣ በአገሩ ጦር፣ አገልግለው በ2004 ሲመለሱ በአንድ የምግብ ማሸጊያ ፋብሪካ በጠዋት ፈረቃ ተቀጠሩ። ከሥራ ወጥተው ዛሬ ካርሜ ጋት የሚባለው ሰፈር የተሠራበትን፣ ያኔ እርሻ የነበረውን ሜዳ ዙሪያውን ይሮጣሉ። ብዙ ሰው «ይብቃህ፣ ዕድሜህም ሄደ» ብሏቸዋል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ እሳቸው ግን ከልምምድ አልቀሩም።

የዋንጫ ውድድር በሥራ ቀን ይደረጋል፤ ሰጠውም ለከተማቸው ቡድን የሚሰለፉት በዚህ ብቻ ነበር። በ2006 አንድ የላይኛው ሊግ ቡድን ለዋንጫ ጨዋታ ማክሰኞ ዕለት ቂርያት ጋት መጣ። የፈረቃ አለቃቸው ዞሃር «ሂድ፤ ተሸንፈህ ግን እንዳትመጣ» ብለው ለቀቋቸው። ሦስት ለአንድ ተሸንፈው ተመለሱ። ሆኖም በግራ በኩል፣ እሳቸው በቆሙበት መስመር፣ ያ ሁሉ ዝነኛ አጥቂ አንዲት ኳስ አላሳለፈም። የእንግዶቹ አሠልጣኝ ያን ዕለት ስማቸውን ጠይቀው ሄዱ፤ በወሩም አስጠሯቸው።

ሰጠው ለመፈረም ሲቀርቡ ያነሡት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ሰንበት ሳይወጣ እንዳይጫወቱ። ክለቡ ትንሽ ከሳቀ በኋላ ተስማማ። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ቀትር ወደ ስታዲየሙ ሰፈር ሄደው እዚያው ሰንብተው በእግራቸው ይመጣሉ፤ ሌሎቹ ሰውነታቸውን ሲያሟሙቁ እሳቸው ሰማዩ እስኪጨልም መልበሻ ክፍል ይቀመጣሉ። ጨዋታው ቀደም ብሎ በሚጀመርበት ቀን ከቡድኑ ውጭ ይሆናሉ፤ ደመወዛቸውም ይቀነሳል። አንድም ቀን አላማረሩም።

አሁን የአባት ተራ መጣ። አቶ ጌታዬ ቃላቸውን ሊፈጽሙ ነጠላቸውን አጣፍተው ዓርብ በጊዜ በአውቶቡስ ሄዱ። ስታዲየሙ አጠገብ በሚኖሩት በዘመዳቸው በወይዘሮ ሙሉእመቤት ቤት ሰንበትን ውለው ማታ በእግራቸው ገቡ። ልጃቸው ያን ምሽት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነበሩ። ሲመለሱ አቶ ጌታዬ በአውቶቡሱ ውስጥ «አቀማመጥህ ደኅና ነው» አሏቸው። በሚቀጥለው ጊዜም ሄዱ፤ አሁንም ወንበር ነበር። ወይዘሮ ሙሉእመቤት አልጋውን ሳያነሡ መተው ጀመሩ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ምሽት ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሰጠው ተቀይረው ገቡ፤ የነኳትን የመጀመሪያ ኳስም በድንጋጤ ከሜዳ ውጭ ላኳት። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ቆመው «ተመስገን» ያሉት አቶ ጌታዬ ብቻ ነበሩ። ልጃቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ከዚያች ኳስ የበለጠ ኳስ መትቼ አላውቅም ይሉ ነበር።

በላይኛው ሊግ ዐሥር ዓመት ተጫውተዋል። ጉልበታቸው ሁለት ጊዜ ተቀዶ ተጠግኗል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሐኪሞች በቃ ካሏቸው በኋላ ተመልሰዋል። በ2009 ከወይዘሮ ሊያት ጋር ትዳር መሥርተው ሴት ልጃቸውን ኦራልንና ወንድ ልጃቸውን ኦሬንን ወለዱ። በ2016 ጫማቸውን ሰቅለው ወደ ቂርያት ጋት ተመለሱ፤ ድሮ ይሮጡበት የነበረው እርሻ ሰፈር ሆኖ ሲያገኙትም ከዚያው ከካርሜ ጋት ቤት ገዙ። በቀሪ ዘመናቸው የከተማውን ልጆች አሠልጥነዋል። ማዘጋጃ ቤቱንና የእግር ኳስ ማኅበሩን ለዓመታት ደጅ ጠንተው ሰንበት ለሚጠብቁ ልጆች ጨዋታው ሐሙስ እንዲሆን አስፈቅደዋል። እናታቸውን ወይዘሮ የሻሽወርቅን በ2019 ሲቀብሩ አባታቸውን ደግፈው የቆሙት እሳቸው ነበሩ።

ባደረባቸው የጉበት ሕመም ካለፈው ዓመት ጀምሮ በቤትና በሆስፒታል ሲረዱ ቆዩ። አቶ ጌታዬ በሰማንያ አራት ዓመታቸው በየቀኑ እየተመላለሱ ከአልጋቸው አጠገብ ይቀመጡ ነበር። ባለፈው ዓርብ ቀትር ላይ ሰጠው «አባባ፣ ሰንበት ሳይገባ ቤትዎ ይድረሱ፤ እኔ ደኅና ነኝ» ብለው ሸኟቸው። አባታቸው እንደ ሄዱ ባለቤታቸውን ጠርተው «ሊያት፣ ዛሬ ማታ ወይ ነገ ቢሆን አባባን እንዳትጠሯቸው። ከሰንበትና ከእኔ ይምረጡ አይባሉም። ሻባት ይውጣ» አሏቸው። ቅዳሜ ኖቬምበር 8 ቀን 2025 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በአርባ ሁለት ዓመታቸው፣ ዐረፉ።

ኦሬን መጥቶ ለአክስቱ ለወይዘሮ ንጋት በአያቱ ቤት ደጅ ነግሯቸው ሄደ። አቶ ጌታዬ ከጸሎት ቤት ተመልሰው ምሳ ሲቀርብላቸው «ልጁ እንዴት አደረ?» ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ንጋት ውኃ ላምጣ ብለው ወደ ወጥ ቤት ገቡ፤ ብዙም ቆዩ። መርዶው የተነገረው ኮከብ ከታየ በኋላ ነው።

አቶ ሰጠው አባታቸውን አቶ ጌታዬን፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሊያትን፣ ልጆቻቸውን ኦራልንና ኦሬንን፣ እኅታቸውን ወይዘሮ ንጋትን፣ ያሠለጠኗቸውንም ብዙ የቂርያት ጋት ልጆች ትተው ሄደዋል።

አቶ ጌታዬ መርዶውን ሰምተው ካለቀሱ በኋላ ለምን እንዳልተጠሩ ጠየቁ። የልጃቸው ትእዛዝ እንደ ነበር ተነገራቸው። «ብትነግሩኝ እሄድ ነበር» አሉ። «በመኪናም ቢሆን እሄድ ነበር። ሰንበትን ያዘዘው አምላክ ያውቀኛል።» ይህም በሕይወት ታሪካቸው እንዲጻፍና ከመቀበራቸው በፊት ጮክ ተብሎ እንዲነበብላቸው አዘዙ።

በአባታቸው ትእዛዝ እነሆ አነበብን። የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ ነፍስዎን በዕረፍቱ ይቀበላት። ሰጠው፣ አባትዎ በሰንበትም ቢሆን ይመጡ ነበር።